የአንድ ቀን መንገደኛና የባልጩት ድንጋይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዓለም ገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ሦስት ታላላቅ ጥንታውያን ስፍራዎችን ያገናኛል። በአዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬ ይገኛል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ሲሉ ከአለት የተፈለፈለው የአዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ደግሞ በሶዶ ጉራጌ አገር የጢያ ትክል ድንጋዮች ቆመዋል። ማለዳ በአውቶሞቢል የተነሣ ሰው ሦስቱንም ጐብኝቶ ማታ ለራት ከቤቱ ይደርሳል። መንገዱ ለአንድ ቀን ጉብኝት እጅግ የተመቸ ስለ ሆነ፣ ስለ እርሱ በየጋዜጣው፣ በየመጽሔቱና በየመንገደኛ መምሪያው የሚወጣው ማስታወሻ ብዙ ነው። እነዚህ ማስታወሻዎች በአያሌ ነገር ስለሚመሳሰሉ እንደ አንድ የጽሑፍ ዓይነት ተቈጥረው ሊመረመሩ ይገባል። ምርመራውን አስፈላጊ የሚያደርገውም የመንገደኛው ብዕር የሚዘለው ነገርና የቤተ መዘክሩ መስታወት የሚዘለው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ሆኖ መገኘቱ ነው።

የማስታወሻዎቹ መልክ ይታወቃል። ጸሐፊው የተነሣበትን ሰዓት፣ የመንገዱን ርዝመትና የአስፋልቱን ሁኔታ ይናገራል፤ ከስፍራው ሲደርስ የዘመኑን ቍጥር ይጠቅሳል፤ «ድንቅ»ና «አስገራሚ» የሚሉትን ቃላት ይደረድራል፤ ከዚያም ምሳ ይበላል። የአገሩ ሰው በጽሑፉ ውስጥ የሚገባው በር ሲከፍት፣ ትኬት ሲቈርጥ ወይም መንገድ ሲያሳይ ነው። አንድ ነገር የተናገረ እንደ ሆነም ማንነቱና ሥራው አይጻፍም፤ «የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት» ተብሎ ይታለፋል። በሥነ ሰብእ ትምህርት ግን ማን ተናገረ፣ በምን ቋንቋ ተናገረ፣ ከማንስ ሰማ የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ የተነገረው ቃል ከወሬ ብዙ አይሻልም።

ቢሆንም መንገደኛውን ፈጽሞ መናቅ አይገባም። ሊቁ የማይጽፈውን እርሱ ይጽፈዋል፤ ወንዙ በክረምት መሙላቱን፣ አጥሩ መውደቁን፣ የገበያውን ቀን፣ የጋሪውን ዋጋ፣ በስፍራው የዋለውን ሰው ብዛት። በልዩ ልዩ ዓመታት የተጻፉ ሁለት ማስታወሻዎች ጐን ለጐን ሲነበቡ አንድ ስፍራ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚመሰክሩበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ምስክርነት በቍፋሮ ዘገባ ውስጥ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ ዓይነት ጉድለት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጢያ ነው። በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህ ስፍራ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) 36 ሐውልቶች ሲኖሩት፣ ከነዚህ 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። በሶዶ አገር ከታወቁት 160 ያህል መሰል ስፍራዎችም አንዱ ነው። በድንጋዮቹ ላይ ሰይፍ፣ ክብ ምልክትና ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ይታያል። በደቡብ ኢትዮጵያ ስላሉት ትክል ድንጋዮች ከቀደሙት ጸሐፊዎች መካከል የሆኑት አባ አዛይስና ሻምባር በ1931 በፓሪስ ያሳተሙት መጽሐፍ፣ የአምስት ዓመት ምርምር ውጤት መሆኑን በርእሱ ይናገራል። ከእነርሱም በኋላ ፍራንሲስ አንፍሬና ሮዤ ዡሶም ድንጋዮቹን በየተራቸው አጥንተዋቸዋል። በጢያ በተደረገው ቍፋሮ ስፍራው የመቃብር ቦታ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ሙታኑም እግራቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ የተቀበሩ ሆነው ተገኝተዋል። ዘመኑ ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ይገመታል።

የአንድ ቀን መንገደኛ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ሰይፉን ነው። በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የሰይፍ ቍጥር ባለመቃብሩ የገደላቸውን ጠላቶች ቍጥር ያሳያል የሚለውን የአስጐብኚ ቃል እንደ ተረጋገጠ ነገር አድርጎ ይጽፈዋል፤ ተከታዩም ጸሐፊ ከእርሱ ይቀዳዋል። አተረጓጐሙ ሊሆን የሚችል አሳብ ነው፤ ነገር ግን ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለመፍታት አስቸጋሪ መሆናቸውን የዓለም ቅርስ መዝገቡ ራሱ ይናገራል። እዚህ ላይ ሳይጠራጠር የተቀበለው ሰው፣ ሕዝቡ ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ማለቱን ሲሰማ ደግሞ ያለ ልክ ተጠራጣሪ ይሆናል። ኢማም አሕመድ የሞተው በ1543 ስለ ሆነ ስያሜው ስሕተት ነው ብሎ ነገሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል።

ስለ ዘመኑ የተናገረው እውነት ነው፤ ስለ ሕዝቡ ግን ምንም አልተናገረም። ግራኝ በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ለፈረሰ ሕንጻ፣ ለተሰነጠቀ አለትና ባለቤቱ ለማይታወቅ ድንጋይ ሁሉ ምክንያት ተደርጎ የሚጠራ ስም ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ነገር በአንድ ሰው ስም ተጠቅልሎ ሲነገር፣ ድንጋዮቹን በተከሉት ሰዎችና ዛሬ በአገሩ በሚኖሩት ሰዎች ትዝታ መካከል አንድ ነገር ተቈርጦ እንደ ነበረ ያመለክታል። የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነትና ከዚያ በኋላ የሆነው የሕዝብ መፍለስ ለዚህ ምክንያት ሳይሆኑ አይቀሩም። ስያሜውን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጐረቤት በአንድ ድምፅ ይናገሩታልን? ድንጋዩ የተተከለው ለድል ነው ይባላል ወይስ ለቅጣት? ከብት ጠባቂው ልጅና አያቱስ አንድ ታሪክ ይተርካሉን? የጢያ ድንጋይ ለአርኪዮሎጂ የ13ኛው መቶ ዓመት ጕዳይ ሊሆን ይችላል፤ «የግራኝ ድንጋይ» ግን ዛሬ በሕያዋን አንደበት ያለ ነገር ነው፤ እርሱን ለመስማት አካፋ አያስፈልግም።

ስለ አዳዲ ማርያም ብዙ መናገር አያሻም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በትውፊት ለንጉሥ ላሊበላ የሚሰጠው ይህ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቅዳሴ የሚቀደስበት ነው። መንገደኛው በፈለገው ቀን ሲሄድ የሚያገኘው አለቱን፣ መስኮቱንና ጠባቡን መተላለፊያ ስለ ሆነ የሚጽፈውም ስለ አለቱ ነው። ወር በገባ በ21ኛው ቀን የሄደ ሰው ግን ነጠላውን ያጣፋ ሕዝብ፣ ስለት ያመጣች ሴትና ጠበል የሚቀዳ ሕፃን ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ «የአንድ ቀን ጉዞ» ሲባል ቀኑ ራሱ ምን ቀን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ የመንገደኛው የዕረፍት ቀንና የስፍራው ቀን አንድ አይደሉምና።

የጉዞ ወሬ ከጉዞ ማስታወሻ የተለየ ጠባይ አለው። ማስታወሻው ቀስ ብሎ ሲሳሳት ወሬው ፈጥኖ ይደሰታል። አንድ ስፍራ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዜናው እንደ ሜዳልያ ይነገራል፤ የተመዘገበው ምን እንደ ሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። የመዝገቡን አነጋገር በየጊዜው ያነበበ ሰው ትልቅ ለውጥ ያያል። በ1980 ጢያ ሲመዘገብ የተቈጠሩት ድንጋዮች ነበሩ። በ1992 «ባህላዊ መልክዐ ምድር» የሚል ክፍል በመዝገቡ ሥርዐት ከገባ በኋላ፣ በ2011 ኮንሶ፣ በ2023 ጌዴኦ ሲመዘገቡ እርከኑ፣ እንሰቱ፣ ቡናውና የሚያለማው ሕዝብ አብረው ገብተዋል። በጌዴኦም ትክል ድንጋይ አለ፤ በኮንሶም የአለቆች ትውልድ ሲተላለፍ ድንጋይ የማቆም ልማድ በሕይወት ያለ ሥርዐት ሆኖ ተመዝግቧል። ከጢያ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው ይህ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን በአንድ ገጽ ያነጻጸረ የጉዞ ጽሑፍ እምብዛም አይገኝም፤ ኮንሶ በአንድ ቀን ተደርሶ አይመለስምና።

በ2024 ደግሞ መልካ ቁንጥሬ ተመዘገበ። የመዝገቡ ስም ግን «መልካ ቁንጥሬና ባልጪት» ነው፤ በዜናው ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሁለተኛው ስም ነው። መልካ የወንዝ መሻገሪያ ማለት እንደ ሆነ ኦሮምኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል፤ ከብት የሚጠጣበት፣ መንገደኛ የሚሻገርበት፣ በኢሬቻም ጊዜ ምስጋና የሚቀርብበት ውኃ መልካ ይባላል። ስፍራው በ1963 በሆላንዳዊው ጄራርድ ዴከር ከታወቀ ወዲህ ዤራር ባዩ፣ ከ1965 ጀምሮም ለብዙ ዓመታት ዣን ሻቫዮን፣ ከዚያ ቀጥሎ የኢጣልያ ሊቃውንት ቈፍረውታል። የሰው ዘር ሥራ በዚያ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። 700,000 ዓመት በሆነው አፈር ላይ የአዋቂዎችና የሕፃናት የእግር ዱካ ተገኝቷል፤ ሕፃናቱ አዋቂዎቹ ሥጋ በሚያርዱበትና ድንጋይ በሚጠርቡበት ስፍራ አብረው ይውሉ እንደ ነበረ ይህ ዱካ ያሳያል።

በአቅራቢያው ያለው መንደር ስሙን ያገኘው ከድንጋዩ ነው። ባልጩት በአማርኛ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቍር፣ መስታወት የመሰለና ስለታም ድንጋይ ነው፤ የመልካ ቁንጥሬ ጥንታውያን ሰዎችም ከእርሱ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከመሣሪያዎቹም አንዱ በአማርኛ መፋቂያ የሚባለው ነው። መንገደኛው ይህን መፋቂያ በወንዙ ዳር ባሉት ክብ የቤተ መዘክር ቤቶች ውስጥ ተመልክቶ፣ የቀደሙት አባቶቻችን ጥበብ ነው ብሎ ያደንቃል፤ አድንቆም ይወጣል።

ይህ አድናቆት ሊመረመር ይገባዋል። መፋቂያ የሚለው ቃል ከመፋቅ የወጣ ነው፤ ከዚያው ግሥ የወጣው ሌላው ቃል ደግሞ ፋቂ ነው። ፋቂ ቆዳ የሚያለፋ ባለ እጅ ስም ሲሆን ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል፤ በብዙ አገር ፋቂ መሬት አይሰጠውም፣ ከጐረቤቱ ጋር አይጋባም፣ ቡዳ ነው ተብሎም ይፈራ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። የድንጋይ መፋቂያም የጥንት ነገር ሆኖ አልቀረም። አሜሪካዊው ጄምስ ጋላገር በ1970ዎቹ ዓመታት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በባልጩት መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎችን አጥንቶ ጽፏል። ከእርሱ በኋላ ስቲቨን ብራንትና ካትሪን ዊድማን በኮንሶ ድንጋዩን የሚጠርቡትና ቆዳውን የሚፍቁት ሴቶች መሆናቸውን ገልጠዋል፤ ዊድማን በጋሞ ባደረገችው ጥናት ደግሞ ሥራው የወንዶች ነው። የጥንት ድንጋይ ጠራቢን ሁልጊዜ ጢማም ወንድ አድርጎ ለሚሥለው የቤተ መዘክር ሠዓሊ ይህ ብቻውን በቂ ትምህርት ነበር።

እንግዲህ አንዱ መሣሪያ በመስታወት ውስጥ ሲሆን ይከበራል፤ በሰው እጅ ሲሆን ባለቤቱን ያስንቃል። የአንድ ቀን መንገደኛ ይህን ሳያይ ማለፉ በጊዜ ማጠር ብቻ የሚመጣ አይደለም። ዘመን ቈጣሪ የሆነ ቤተ መዘክር ነገሩን ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚወስደው፣ ጐብኚው መፋቂያው እስከ ዛሬ ሊደርስ እንደሚችል አያስብም።

የሥነ ሰብእ ቤተ መዘክር ደግሞ በተቃራኒው ይታማል። በገነተ ልዑል ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር በአገሪቱ ካሉት ሁሉ በአሳብ የተሻለው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1960 በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሹማምንት የተገደሉበት ይህ ቤተ መንግሥት በ1961 ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ተቋሙ በ1963 ሲቋቋም ስታኒስላው ኾይናትስኪ ሲያሰባስበው የነበረው ስብስብ የቤተ መዘክሩ መሠረት ሆነ። ዕቃዎቹ በነገድ ወይም በክፍለ ሀገር መደርደራቸው ቀርቶ የሰው ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በሚሄድበት ተራ መደርደራቸው ታላቅ ፍርድ ነው፤ ጐብኚው የአንዱን ሕዝብ አንቀልባ ከሌላው አንቀልባ አጠገብ ሲያይ የራሱን ልጅነት ያስባል። ነገር ግን ዕቃው መቼ እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው በዚህ አደራደር ይሰወራል። አንቀልባው ከቆዳ ነው፤ ቆዳውን ያለፋው ሰው ግን በልደት ክፍል የለም፣ በሠርግም ክፍል የለም። አንዱ ቤተ መዘክር ዘመኑን ይዞ ሰውን ሲያጣ፣ ሌላው ሰውን ይዞ ዘመኑን ያጣል፤ ፋቂውም ከሁለቱ መካከል ይወድቃል።

ለመንገደኛው ማስታወሻ ትልቅ ሥራ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ከመልካ ቁንጥሬ እስከ ባልጪት ያለው መንገድ አጭር ነው። በመንደሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዘንድ ተቀምጦ፣ በዚህ ድንጋይ ቆዳ ሲፋቅ አይተው እንደ ሆነ፣ ድንጋዩን ማን ይለቅም እንደ ነበረ፣ ስለቱ ሲደንዝ በምን ይታደስ እንደ ነበረ፣ ስብርባሪው እግር እንዳይወጋ የት ይጣል እንደ ነበረ፣ የሚያለፋው ሰው ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበረና እርሱ ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደ ነበረ መጠየቅ ይቻላል። የተናጋሪው ቋንቋ፣ ዕድሜና ሥራ ከቃሉ ጋር ይጻፍ፤ ስሙ እንዲጻፍ ከፈቀደ ስሙም ይጻፍ። ለዚህ ሁሉ ሙሉ ቀን አይበቃም፤ ለመጀመር ግን ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ጢያም ለሌላ እሑድ ትቈያለች።