ለአዲስ ኮምፒውተር አንቲቫይረስ መግዛት ያስፈልጋል?

አዲስ ላፕቶፕ ስትገዙ ሻጩ «አንቲቫይረስስ ይጫንበት?» ማለቱ አይቀርም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ግን ቆም በሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የተባለ ጸረ-ቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላ ስትጭኑበት ደግሞ ዲፌንደር ሥራውን ለአዲሱ ለቆ ገለል ይላል። ስለዚህ የምትከፍሉት ዘበኛ ለመጨመር ሳይሆን ዘበኛ ለመቀየር ነው ማለት ነው።

በ2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያምስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ከለቀቀ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት ነበር። ችግሩ ብዙዎች አለመጫናቸው ነው። እናም ብሩን ለአፕዴት የሚሆን ዳታና የፋይላችሁን ቅጂ የምታስቀምጡበት ሃርድ ዲስክ ግዙበት። በፍላሽ የሚዞረው ክራክ አንቲቫይረስማ ጭራሽ ይቅርባችሁ፤ ዘበኛው ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላል።