መጀመሪያ የሚሰበረው

የጀልባ ሞተር ፕሮፔለርን ከዘንጉ ለማውጣት አንድ ቁልፍና አንድ ፒንሳ ይበቃል። ጫፉ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ሽቦ አቅንቶ መሳብ፣ ብሎኑን መፍታት፣ ከዚያ ወደ ራስ ጎተት ማድረግ ነው። የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ከሆነ ፕሮፔለሩ በሁለት እጅ ተይዞ ይገላበጣል። ሦስት የአሉሚኒየም ክንፎች አሉት። ከሥራቸው ወፍረው ወደ ጠርዛቸው እየሳሱ ይሄዳሉ። መሃሉ ክፍት ነው፤ የሞተሩ ጭስ በዚያ አልፎ ውኃ ውስጥ ስለሚቀር ድምፁ ይታፈናል።

ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ተቀርጾበታል፣ ሁለቱም በኢንች። የመጀመሪያው ክንፎቹ የሚሠሩት ክብ ስፋት ነው። ሁለተኛው ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር ወደ ፊት ሊጓዝ የሚገባውን ርቀት ይናገራል። 13 ከሆነ 33 ሳንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5000 ጊዜ ሲዞር ታች ያሉት የማርሽ ጥርሶች ዙሩን ወደ ግማሽ ግድም ያወርዱታል። ሲባዛ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ ግን የወረቀት ሂሳብ ነው፤ ውኃ ሲገፋ ይሸሻል። ጆንያ የጫነ ጀልባ ከዚህ እጅግ ባነሰ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጭነት የሚያመላልስ ባለጀልባ ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ያለውን ይመርጣል። ፍጥነት ያጣል፤ ሞተሩ ግን ሳይጨነቅ ይገፋለታል።

ይህን ሁሉ የምለው የባሮን ወንዝ እያሰብኩ ነው። ከጋምቤላ ወደ ምዕራብ በኢታንግና በጂካዎ በኩል ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይሆናል፤ ሶባት ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1902 በተዋዋሉት መሠረት በዳርቻው የንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተሰጥቶ ነበር። ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች ክረምት ጠብቀው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል አሸዋው አያሳልፋቸውም። አሸዋው ዛሬም አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወንዙ ግንድ ይዞ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ቀናትን የሚፈጅ ጉዞ የሚያስብ ሰው ሞተሩ ከአንድ ነገር ጋር እንደሚጋጭ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሞተሩን የነደፈውም ሰው ይህን ያውቅ ነበር።

በትንንሾቹና በቆዩት ሞተሮች ላይ ፕሮፔለሩ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው ዘንጉን አቋርጣ በምታልፍ አንዲት ፒን ነው። ፒኗ ከነሐስ ወይም ከለስላሳ ብረት ትሠራለች። ክንፉ ግንድ ሲመታ እሷ ትቆረጣለች፤ ዘንጉ ባዶውን ይዞራል። ጥርሶቹ ተረፉ ማለት ነው። ነጂው ሞተሩን ያነሳል፣ ስባሪዋን ይገፋል፣ መለዋወጫዋን ከኪሱ አውጥቶ ያስገባል። በትልልቆቹ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ጎማ ነው። ከዘንጉ ጋር በጥርስ የሚገጥም የብረት እጅጌ አለ፤ በእጅጌውና በፕሮፔለሩ መካከል የጎማ ቀለበት በኃይል ተጨምቆ ገብቷል። በደህናው ጊዜ ሦስቱም እንደ አንድ አካል ይዞራሉ። ከባድ ምት ሲመጣ ጎማው ይንሸራተታል። ከተበላሸ በኋላም ነዳጁን ቀነስ አድርጎ በዝግታ ለሚነዳ ሰው ብዙ ጊዜ እስከ ሰፈር ያደርሳል።

የዚህን ዕቃ ጥበብ የማየው እዚህ ላይ ነው። ምንም የማይሰበር ሞተር ለመሥራት አልተሞከረም፤ የቱ ቀድሞ እንደሚሰበር ተወሰነ፤ የተመረጠውም ርካሹና በቀላሉ የሚቀየረው ነው። ፒን ሲጠፋ ከጠንካራ ብረት ምስማር ቆርጦ የሚያስገባ ሰው ይህን ውሳኔ ሻረው። ቀጥሎ የሚሰበረው ጥርሱ ነው፤ ጥርስ ደግሞ በወንዝ ዳር አይቀየርም። በዚሁ ምክንያት ለባሮ የማይዝግ ብረት ፕሮፔለር አልመክርም። ውበቱን አልክድም። አሉሚኒየም ግን ሲመታ ይጎብጣል፣ ምሽት ላይ ግንድ ላይ አስደግፈው በመዶሻ ያቃኑታል፣ ጠርዙን በሞረድ ያስተካክሉታል። ጠንካራው ክንፍ አይጎብጥም፤ ምቱን ወደ ውስጥ ነው የሚያሳልፈው።

ሞተሩ ጀልባው ላይ የተንጠለጠለበት ማጠፊያም ይህንኑ ሐሳብ ይከተላል። ወደ ፊት ሲነዳ ውኃ ውስጥ የሚገባው የሞተሩ እግር አልተቆለፈም፤ አሸዋ ሲነካ ወደ ኋላ ይነሳል። የኋላ ማርሽ ሲገባ ግን መንጠቆ ይይዘዋል፤ አለዚያ ፕሮፔለሩ እግሩን ጎትቶ ከውኃ ያወጣዋል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እግሩ ውስጥ የተደበቀው የውኃ ፓምፕ ነው። ሞተሩ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በራሱ በወንዙ ነው። ፓምፑ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስድስት ምላስ ያለው የጎማ መዘውር አለ። የሚዞርበት ጽዋ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሲሆን መሃሉ ከዘንጉ መሃል ሆን ተብሎ ትንሽ ወደ ጎን ተደርጓል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምላስ በአንድ ዙር ውስጥ ይታጠፋል፣ መልሶ ይቃናል። ሲቃና ቦታው ሰፍቶ ውኃ ይስባል፤ ሲታጠፍ ቦታው ጠቦ ውኃውን ወደ ላይ ይገፋል። ሞተሩ ሲፈጥን የውኃው ግፊት ራሱ ምላሶቹን ከግድግዳው ያርቃቸዋል፤ ያኔ ውኃውን የሚያወጣው ሽክርክሪቱ ነው፣ ጎማውም ከብረቱ ጋር መፋተጉን ይቀንሳል። አንዲት ቁራጭ ጎማ በሁለት ዓይነት መንገድ ትሠራለች፣ መንገዱን የሚቀይርላትም ፍጥነቷ ብቻ ነው።

ምላሶቹን የሚያለሰልሳቸው ውኃው ነው። በደረቁ የዞረ መዘውር ብዙ ሳይቆይ ይቃጠላል። የክረምት ውኃ ደግሞ ደለል ይዞ ስለሚገባ ጽዋውን ይቧጥጣል። አዲስ መዘውር ሲገባ ጽዋውን ወደ ታች እየተጫኑ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ነው፤ ምላሶቹ ሁሉ በአንድ ወገን ይተኛሉ። ወደ ኋላ አይዞርም።

ፓምፑ እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ከሞተሩ ጎን በምትፈስ ቀጭን ውኃ ነው። ጥሩ ነጂ ዓይኑ ከወንዙ ባይነቀልም በየጊዜው ዞር ብሎ ያያታል። ከሳሳች ሣር ወይም እምቦጭ መግቢያውን ሸፍኖታል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ እግሩን አንስቶ፣ በእጅ መጥረግ ነው። በቀን ደጋግሞ ይሆናል።

የቀረው የልክ ጉዳይ ነው። የእግሩ ቁመት ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ኢንች ነው፤ የጀልባው የኋላ ግድግዳም በዚያው ልክ መሠራት አለበት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ሲል ልኩ ነው። ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ አየር ይስባል፤ በጣም ዝቅ ካለ ጀልባው ይጎተታል። ለባሕር የተሠራ ሞተር ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ቁራጭ ይኖረዋል፤ ለወንዝ ውኃ የሚስማማው ግን ማግኒዥየም ነው።

የዚህ ሞተር አሠራር አዲስ አይደለም። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ለገበያ ያቀረበው ሞተር 28 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ጉልበቱ አንድ ተኩል ፈረስ ብቻ ነው። የተኛ ሲሊንደር፣ የቆመ ዘንግ፣ ውኃ ውስጥ አቅጣጫ የሚያስቀይሩ ጥርሶች ነበሩት። የዛሬው ባለ 40ም ሲፈታ ይኸው ነው የሚታየው።

ያገለገለ የጀልባ ሞተር ልትገዙ ከሆነ ከላይኛው ክዳን አትጀምሩ። መጀመሪያ ከታች ያለውን የጥርስ ዘይት ብሎን ፍቱና ጥቂት ዘይት አፍስሱ። ነጥቶ ከደፈረሰ ውኃ ገብቶበታል፤ የዘንጉ መከላከያ ጎማ አልቋል። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ዘንጉን በእጅ አዙሩ፤ ጫፉ ከተወላገደ ባለቤቱ የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስ አትግዙት።