በጣና ዳር ወፍን በካሜራ ስለ ማንሣት

የአውሮፓ ክረምት ሲቃረብ ከሩሲያ ምድር ተነሥተው፣ ባሕርና በረሃ አቋርጠው ወደ ጣና የሚወርዱትን ክሬን የተባሉ አንገተ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በካሜራ ለማንሣት የሚተጋ ሰው፣ ጥበቡ ከሌንሱ ይልቅ በትዕግሥቱ የጸና መሆኑን ሳስብ ልቤ በአድናቆት ይሞላል። እነዚህ ፍጥረታት ቀን ከታጨደው ማሳ የተበተነውን እህል ሲለቅሙ ውለው፣ ሲመሽ ከአራዊት ለመጠበቅ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉና፣ አንሺው ጎሕ ሳይቀድ በደንገሉ መካከል ዳሱን ቀልሶ፣ ካሜራውን እስከ ውኃው ገጽ ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ባሕታዊ በአርምሞ ይቀመጣል። ብርሃን ሲወጣ አንዱ ወፍ አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይመረምራል፤ ያን ጊዜ እጅን ማንቀሳቀስ እንኳ አይገባም፣ እርሱ ከደነገጠ መንጋው ሁሉ ሊነሣ ይችላልና። ክንፍ ሲዘረጋ ግን የሰከንድ 1/2000ኛ የምታህል ቅጽበት ላባውን አንድ በአንድ ለይታ ታስቀራለች። መንጋውን በጩኸት አስነሥቶ የበረራ ሥዕል የሚወስድ ሰው፣ ወፎቹ ለረጅሙ የመመለሻ ጉዞ ያጠራቀሙትን ኃይል በከንቱ ያስባክናቸዋልና፣ ሥዕሉ ምንም ቢያምር እኔ ከዚህ ጥበብ ማኅበር አልቆጥረውም።