ዓሣ ግማቱ ከአናቱ

ይህን ተረት ለሹም እንጂ ለዓሣ አንጠቀምበትም። መሥሪያ ቤት የተበላሸ እንደሆነ «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» እንላለን። ምግብ ቤት ገብተን አናት የሌለው ዓሣ ሲቀርብልን ግን «አናቱስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ አምበርን እናስብ። ምሥራቅ ጎጃምን ዓባይ ቢከባትም አምበር ሐይቅ የሌላት የደጋ ከተማ ናት። የጣና ዓሣ በሞጣም መጣ በደብረ ማርቆስ፣ አምበር ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። በመንገዱ በረዶ ከሌለ ዓሣው የሚቆየው በዕድሉ ነው። ከዚያ ቆዳውና አናቱ ተወግዶ፣ ተከትፎ፣ በርበሬ በበዛበት ጉላሽ ወይም በዘይት በነደደ ጥብስ ይመጣል። በርበሬና ዘይት ደግሞ ምስክር ያጠፋሉ።

የሚገርመው፣ ይህንኑ ዓሣ የሚበላው ሰው በግ ሲገዛ ላቱን ዳብሶ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ተከራክሮ ነው። ሥጋ ቤት ሲገባም ጮማውንና ቀዩን ለይቶ ያዛል። ዓሣ ግን ለእሱ የጦም መተኪያ ነው፤ ጦም ነው አይደለም ብሎ ይከራከርበታል እንጂ ትኩስ ነው አይደለም ብሎ አይከራከርም።

መለያው ቀላል ነው። ዓይኑ የጠራና ጎላ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ፣ ሽታውም የውኃ ይሁን። ቆሮሶ ከነቆዳው ለከሰል የተመቸ ነው፦ ጎንና ጎኑን ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጎ ጨውና ሎሚ መቀባት፣ ነበልባሉ አልፎ ፍሙ አመድ ሲለብስ ደህና በጋለና ዘይት በተቀባ ሽቦ ላይ ማኖር፣ አንዴ ብቻ መገልበጥ። ሥጋው ነጥቶ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ደርሷል። ከሰል የሚደብቀው ነገር የለም። ሙሉ ዓሣ ከነአናቱ ለመጥበስ የሚደፍር ቤት በዓሣው የሚተማመን ቤት ነው።

የአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ሽሪምፕ ጉዳይ ሌላ ነው። ባሕር በር አልባ በሆነች አገር እሱ ቀዝቅዞ የሚመጣ እንግዳ ነው። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 «ክንፍና ቅርፊት» የሚለውን ሕግ የሚያከብር ሰውም አይነካውም። ቅርፊት የሌለው የኛው አምባዛ እንኳ ገና እያከራከረ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ከሳህኑ ወዲያ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። መረብ የሚጠብቀው እዚያው አፋፉ ላይ ነው፤ የብርብራ ፍሬ አድቅቆ ወንዝ ውስጥ በመጨመር ዓሣን ማፍዘዝም የቆየ ዘዴ ነው። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጅ ግን ገበታ ድረስ ገብቶ አይቆጣጠርም፤ ገበታውን የሚቆጣጠረው በላተኛው ነው። «ከየት መጣ? መቼ ተያዘ? አናቱን አሳየኝ» ያለ ደንበኛ ሆዱንም ሐይቁንም ይጠብቃል። ዝም ብሎ የበላ ግን ነገ ባዶ ሐይቅ ቢያይ ሹሙን ብቻ አይውቀስ።