ተቀባይ ያጣ ዝማሬ፦ በጂንካና በአካባቢዋ ስለሚዘመረው መዝሙር

እሁድ ጠዋት ጂንካ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ አጥቢያ ግባ። ኪቦርዱ ከበሮውንም ቤዙንም ብቻውን ይጫወታል፤ ዘማሪው ማይክራፎን ይዟል፤ መዝሙሩ አዲስ አበባ ከወጣ የአማርኛ አልበም የተወሰደ ነው። ኋላ የተቀመጡት አሪኛ ተናጋሪ እናቶች ያጨበጭባሉ፤ አፋቸው ግን ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። እነዚያው እናቶች በሳምንቱ መካከል ለቅሶ ቤት ወይም የመንደር ጸሎት ላይ ሲገናኙ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መጽሐፍ የለ፣ መሣሪያ የለ፣ ቤቱ ግን በዝማሬ ይሞላል። የእናቶቹ ዝማሬ ከእሁዱ አምልኮ ውጭ የቀረው ለምንድን ነው?

እኔም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለሁም። ወጣት አገልጋይ ሳለሁ አንዲት አረጋዊት በጉባኤ መካከል ተነሥተው በአሪኛ ሲጀምሩ፣ «እናቴ፣ ሰዓት የለንም» ብዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ያኔ የፕሮግራም ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ወላይታ ሶዶ ደረሱ፤ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ለቀው ወጡ። ከዚያ በኋላ ወንጌልን ይዘው ወደ ጎረቤት ሕዝቦች፣ እስከ አሪ ምድርም የተሻገሩት በዋነኛነት የወላይታ ወንጌላውያን ናቸው። ታሪካቸውን ፖል ባሊስኪ በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ በሰፊው ጽፈውታል። እንግዲህ ዝማሬውም የደረሰው በጎረቤት ሰው አፍ ነው፤ «የአሪ መዝሙር» የምንለው ሁሉ ከሥሩ የአሪ ብቻ ነው ብሎ መሟገት አያዋጣም። ሆኖም አንድ ዓመት ልብ በል። የአሪኛ አዲስ ኪዳን የታተመው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርተ ዓመታት የአሪ ምእመን በገዛ ቋንቋው ያለው ትምህርት የሰማውና የዘመረው እንጂ ያነበበው አልነበረም። ስለ መስቀሉ፣ ስለ ትንሣኤው፣ ስለ ሞቱት ወገኖቹ ተስፋ ያመነውን የያዘለት ዝማሬ ነው። በዘዳግም 31 ሙሴ መዝሙርን በእስራኤል ልጆች አፍ ምስክር አድርጎ ሲያኖር የምናየውም ይህንኑ የዝማሬ ሥራ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች፣ በተለይ በሉዊስ፣ ጌሊክ ተናጋሪዎች መዝሙረ ዳዊትን ያለ መሣሪያ ይዘምራሉ። አውራጁ መስመሩን ያወጣል፤ ጉባኤው እያንዳንዱ በራሱ ጌጥና በራሱ ፍጥነት ይከተላል። የመጀመሪያዎቹ 50 መዝሙራት በጌሊክ የታተሙት በ1659፣ ሙሉው በ1694 ነው። ነገር ግን የራሳቸው ባለቅኔዎች የደረሷቸው መንፈሳዊ መዝሙሮችም ነበሯቸው፤ ዱጋልድ ቡካናን በ1767 ያሳተማቸውን ዓይነት። የስኮትላንድ ፍሪ ቸርች በአምልኮ ከመዝሙረ ዳዊት ሌላ እንዲዘመር የፈቀደችው በ2010 ነውና፣ እነዚህ መዝሙሮች በዚያ ወገን ዘንድ ማደሪያቸው ቤትና ምድጃ ዳር ነበር። እነርሱ በሩን የዘጉት በነገረ መለኮት ምክንያት ነው፤ ተስማማህም አልተስማማህም፣ ተከራክረውበታል። እኛ የዘጋነው ሳንከራከር፣ በሳውንድ ሲስተም ነው። የጌሊክ ታሪክ ሌላም ነገር ያሳያል። በ2011 ቆጠራ የቋንቋው ተናጋሪዎች 57 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ፤ ዝማሬ ብቻውን ቋንቋን አያድንም። የመጋቢ ሥራ ግን ቋንቋ ማዳን ሳይሆን ምእመኑ በሚገባው ቃል «አሜን» እንዲል ማድረግ ነው፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 የጳውሎስ ጭንቀት ይኸው ነው።

ከጂንካ መጋቢዎች የምሰማቸው ሁለት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው፣ ከተማዋ የብዙ ሕዝቦች መገናኛ ናት፤ አሪው፣ በናው፣ ማሌው፣ ከሰሜን የመጣው ነጋዴ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፣ የሚያገናኛቸውም አማርኛ ነው። እውነት ነው። የአማርኛ መዝሙርም ጠላታችን አይደለም፤ ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ለሰባት ዓመት ታስሮ የወጣ ዘማሪ ነው፣ መዝሙሮቹም የደቡብን ምእመን በስደት ደግፈው ይዘዋል። (ስለ እርሱ መዝሙሮች መጽሐፍ የጻፉት ሊላ ባሊስኪ የፖል ባሊስኪ ባለቤት ናቸው፤ ባል ስለ ወንጌላውያኑ፣ ሚስት ስለ ዘማሪው።) ቅሬታዬ ያለው በቋንቋው ላይ ሳይሆን ጉባኤውን ታዳሚ ባደረገው አካሄድ ላይ ነው። በደቡባችን በተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ የምታወጣ ዋሽንት ይይዛል፤ ዜማው የሚሰማው ሁሉም በተራው ሲነፋ ነው። ይህን የሚያውቅ ሕዝብ ፊት አንድ ሰው ብቻውን ይዘምራል፣ ሌላው ይመለከታል። አማርኛውንም ቢሆን ተቀባይ ባለው መንገድ መዘመር ይቻል ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብደኛል። ዜማ ትዝታ ይዞ ይመጣል፤ የቀደሙት አማኞች ከአሮጌው አምልኮና ከስካር ጋር የተያያዘ ዜማን የተዉት ዋጋ ከፍለው ነው። እኛ በኮሌጅ ወንበር ተቀምጠን «ባህላችሁን መልሱ» ብንላቸው ድፍረት ይሆንብናል። ስለዚህ የትኛው ዜማ እንደሚገባ የሚፈርዱት እነዚያው አረጋውያን ይሁኑ። የአማርኛን መዝሙር ወደ አሪኛ መተርጎሙ ግን መልስ አይመስለኝም፤ ቃሉ በዜማው ልክ እንዲገባ ሲባል ሐሳቡ ይቆረጣል፣ ጸጋን የሚያስረዳው ስንኝ ወደ «ሃሌ ሉያ» ያጥራል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በሐመርና በበና መካከል የምታገለግሉ ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ አስቸኳይ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መዝሙሮች በተወለዱበት ቦታ ኪቦርዱ ቀድሞ እንዳይደርስ። አሪ ውስጥ ላላችሁት፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። በሚመጣው የጌታ እራት ላይ አንዲት እናት ታውርድ፤ ከዚያ በፊት ቤታቸው ሄዳችሁ ስንኙ ምን እንደሚል፣ ከማን እንደተማሩት ጠይቁ።

እኔ ያስቀመጥኳቸው እናት ዐርፈዋል። የጀመሩትን መዝሙር ከአጥቢያው አረጋውያን ጠይቄ ሁለት ስንኝ አግኝቻለሁ፤ ሦስተኛውን እስካሁን እየፈለግሁ ነው።