ድኅነት ድህነት ሲሆን

ጎንደርን በምዕራብ በኩል አልፎ የሚወርደውን፣ ለጥምቀት የዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚሞላበትን ወንዝ ስም እንዴት ትጽፉታላችሁ? «ቀሐ» የሚል አለ። «ቀሃ» የሚል አለ። «ቀኃ» ወይም «ቀኻ» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም። ለጎንደሬ ሁሉም ያው አንድ ወንዝ ነው። ለኮምፒዩተር ግን አራት ወንዝ ነው። አንዱ ጸሐፊ ስለ «ቀሐ» ጥሩ ገጽ አዘጋጅቶ ሌላው «ቀሃ» ብሎ ወደዚያ ሊያገናኝ ቢሞክር፣ ማሽኑ «እንዲህ የሚባል ገጽ የለም» ይለዋል። ወንዙ እዚያው እየፈሰሰ!

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። አይደለም። የዛሬው ወጌ ዊኪ ስለሚባለው ነገርና በላዩ ስለሚሰኩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው። የቴክኒክ ወሬ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት፤ የፊደላችን ጉዳይ ነው።

ዊኪ ማለት ብዙ ሰው እየገባ የሚጽፈው፣ የሚያርመውና የሚያገናኘው የገጾች ስብስብ ነው። የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው አሜሪካዊው ዋርድ ከኒንግሃም ነው። ዊኪፒዲያን የማያውቅ ዛሬ የለም፤ የአማርኛ ክፍልም አለው። የዚያ ዓይነቱ ዊኪ በመሠረቱ ጽሑፉን በመረጃ ቋት ይዞ ገጹን ለጠያቂው እያሰናዳ የሚያቀርብ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ። ጆይ ሄስ የተባለው ፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው አይኪዊኪ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጽሑፎቹን በተራ ፋይል ያስቀምጣል፤ ማን ምን እንዳረመ ጊትን በመሳሰለ መዝገብ ይይዛል፤ ለውጥ ሲገባ ገጾቹን አንዴ ሠርቶ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ገጹ መሶብ ውስጥ እንዳለ እንጀራ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምጣድ አይጣድም።

ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንረሳውም። የመብራቱን ነገር ደግሞ ተዉት። በአግባቡ የተሠራ እንዲህ ያለ የገጽ ስብስብ በፍላሽ ተገልብጦ በአንድ ትምህርት ቤት ያረጀ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። የጎንደርን አድባራት፣ የሰሜንን ገጠሮች ስምና ታሪክ ሰብስቦ ለማኖር ከዚህ የሚሻል ዕቃ ብዙ አላውቅም።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ተሰኪው ላይ ነው። ፈረንጆቹ ፕለጊን ይሉታል። አይኪዊኪ አንጓው ትንሽ ነው፤ ሥራውን የሚሠሩለት በላዩ የሚሰኩት ናቸው። ገጾቹ መጀመሪያ ሲቃኙ፣ ጽሑፉ ሲጣራ፣ ወደ ድረ ገጽ ቋንቋ ሲለወጥ፣ አደገኛ ኮድ ሲጸዳ፣ በየደረጃው መስቀያ ቦታ ተበጅቷል። ማንም ፐርል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል የራሱን ተሰኪ ጽፎ እዚያ ይሰቅላል። ልብ አድርጉ፦ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሰቀለው ነው ልማትና ጥፋቱ የሚለየው።

የተሠሩት ተሰኪዎች የሠሪዎቻቸውን ፊደልና ዘመን ይዘው ነው የተወለዱት። አንዱ፣ ትልልቅ ፊደል የገባባቸውን የተገጣጠሙ ቃላት እያየ ራሱ ማገናኛ ያደርጋቸዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ለአማርኛ አይረባም። ሌላው የቀን መቁጠሪያ ያወጣል፤ ዓመቱ ግን 12 ወር ነው። ጳጉሜን የት ትደር? ይህን ሁሉ የሠሪዎቹ ክፋት አላደርገውም። ለራሳቸው ቤት ሠሩ፤ እኛ ደግሞ ለቤታችን እንሥራ። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር በየራሱ ኮድ የሚጽፍበት፣ የአንዱን ፋይል ሌላው የማያነብበት ዘመን አልፏል። ሰበብ የለንም።

እኔን የሚያሳስበኝ የራሳችን ሰዎች የለመዱት መፍትሔ ነው። አማርኛን በኮምፒዩተር የሚያጠኑ ባለሙያዎች የታወቀ ዘዴ አላቸው፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሱና ሥራቸውን ይጀምራሉ። ቃል ለመቁጠር ከሆነ ይሁን፣ ማንም አይጎዳም። ይህንኑ ዘዴ የዊኪ ተሰኪ አድርጎ ማጣሪያው ላይ መስቀል ግን ሌላ ነገር ነው። ዐሥር መስመር ኮድ ይበቃል። በአንድ ሌሊት ሁሉም ገጽ ተስተካክሎ ያድራል፤ «ቀሐ»ም «ቀሃ»ም አንድ ይሆናሉ። እልል ነው እንግዲህ።

ሲነጋ ምን ይታያል? «ድኅነት» ወይም መዳን፣ «ድህነት» ወይም ማጣት ሆኗል። የነፍስ ድኅነትን የሚያስተምር ገጽ የነፍስ ድህነትን ያስተምራል። «ሠረቀ» ብሎ የፀሐይን መውጣት የጻፈው የግዕዝ መምህር ፀሐይዋን ሌባ አድርጓት ያድራል። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ይጀምራል፤ ተሰኪው የመዝገበ ቃላቱን ስም ሳይቀር ያርምላቸዋል! እኩላለሁ ብላ ዐይኗን አጠፋች ማለት ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እነዚህን ፊደላት ማን ለይቶ ይጽፋቸዋል?» የሚለኝ ወጣት ይኖራል። እውነቱን ነው። ጋዜጦቻችንም ይደባልቋቸዋል። ፊደል ይቀነስ፣ አይቀነስ የሚለው ሙግትም የቆየ ነው፤ በሁለቱም ወገን የተማሩና የተከበሩ ሰዎች ተከራክረውበታል። አንድ ደራሲ ፊደል ቀንሶ ቢጽፍ መብቱ ነው፤ ስሙን በሽፋኑ ላይ አኑሮ ይጠየቅበታል። ተሰኪው ግን የሌላውን ሰው ጽሑፍ ነው የሚያርመው፤ ያውም ፊርማ ሳይኖርበት። ምንጩ ፋይል እንዳለ ነው የሚል መልስ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ምንጩ አይነካም። ግን ተማሪው የሚያነበውና ወደ ደብተሩ የሚገለብጠው ምንጩን ነው ወይስ የወጣውን ገጽ?

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ተሰኪው ገጾቹ በሚቃኙበት ደረጃ ላይ ይሰቀል። ለእያንዳንዱ ርእስ አንባቢ የማያየው ቁልፍ ይሥራ፤ ፊደሉን አንድ የሚያደርገው በቁልፉ ላይ ብቻ ይሁን። ማገናኛ ሲገጥመው መጀመሪያ ቃሉን በትክክል እንደተጻፈው ይፈልግ። ካጣው በቁልፉ ይፈልግ። «ቀሃ» ብሎ የጻፈ ሰው ወደ «ቀሐ» ይደርሳል፤ የጻፈው ግን እንደጻፈው ይቆያል። አንድ ቁልፍ ሁለት ገጽ ከከፈተስ? ሁለቱንም ያቅርብ፦ አንድም ድኅነት፣ መዳን፤ አንድም ድህነት፣ ማጣት። የጎንደር የትርጓሜ መምህራን ይህን ዘዴ ያለ ኤሌክትሪክ ሲሠሩበት ኖረዋል። ንባቡን አይነኩም፤ «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን ከጎኑ ያቆማሉ።

የቁልፉ ሠንጠረዥም ቢሆን በግምት አይሠራም። ሀ እና ሃ በአማርኛ ንባብ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ስለዚህ ግዕዙና ራብዑ በአንድ ቁልፍ ይገባሉ። ኸ ግን ከሀ ጋር አይገባም፤ ከሃ ጋር የሚገባው ራብዑ ኻ ነው። ይህን ሳያይ አራቱንም ፊደል በአንድ ከረጢት የከተተ ሰው ሠንጠረዡን ከመነሻው አበላሸው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ድክመት የሚወጣው። ፐርል የሚያውቀው ልጅ የኅን ከየት መምጣት አልተማረም። የኅን ታሪክ የሚያውቀው መምህር ደግሞ ኮምፒዩተር የጸሐፊዋ ሥራ ይመስለዋል። በሥነ ጽሑፍ ክፍል ስናስተምር የኖርን ሰዎች ስለ ፊደላችን መድከም በየመድረኩ እናለቅሳለን፤ ፊደሉ በተግባር የሚወሰንበት ቦታ ላይ ግን የለንም። ወንበራችን ባዶ ሲሆን ቸኩሎ የመጣ ይቀመጥበታል።

ተሰኪውን ልጆቹ ይጻፉት፤ ይችላሉም። በፊደል ልዩነት ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላትን ዝርዝር ማዘጋጀት ግን የእኛ ድርሻ ነው። ለዚህ ፐርል ማወቅ አያሻም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌንና የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አውርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ እርሳስ ይዞ መቀመጥ ይበቃል።