ከማሽኑ የተረፈ መጽሐፍ

ባለፈው ክረምት ገፈርሳ በሚገኘው ቤታችን የተጠራቀመውን አሮጌ ወረቀት ለቁራሌው ለመስጠት ስንለይ፣ ከክምሩ ሥር አንድ መጽሐፍ ወጣና በቤተሰቡ መካከል ክርክር አስነሳ። ባለቤቴ “ለቆሎ መጠቅለያ እንኳ አይሆንም” አለች። ትልቁ ልጄ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሲያበቃ፣ “አባዬ፣ ይህ እኮ የሞተ ነገር ነው” አለኝ። እኔ በወጣትነቴ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ከነበሩት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ተከራክሬ የገዛሁት ስለሆነ እጄ አልፈታ አለኝ። ይሁንና መውደድ ብቻውን ሚዛን አይሆንም። ስለዚህ እንደገና ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት።

መጽሐፉ አሜሪካዊው ዳንኤል ማክራከን “የፎርትራን አራት ፕሮግራም መመሪያ” በማለት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ነው። ፎርትራን በጆን ባከስ የተመራ የአይቢኤም ቡድን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው፣ የሒሳብ ቀመርን ለኮምፒዩተር የሚያስረዳ ቋንቋ ነው። ያኔ ኮምፒዩተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ የመሥሪያ ቤት እንጂ የግለሰብ ንብረት ያልሆነ ማሽን ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊው እያንዳንዱን መስመር 80 ዓምድ ባለው ካርድ ላይ በቀዳዳ አስመትቶ ቁልሉን ለማሽኑ ሠራተኞች ያስረክባል፤ መልሱን ለማግኘት ሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። አንዲት ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች ወረፋው እንደገና ነው።

የመጽሐፉ ብርታት የመነጨው ከዚሁ ችግር ነው። ማሽኑ ሩቅ ስለነበር፣ አንባቢው አስቀድሞ በወረቀት ላይ እንዲያስብ፣ የሥራውን አካሄድ በሥዕል እንዲያሰፍር፣ ቁጥሮቹንም በእርሳስ እየተከተለ እንዲፈትሽ ያስገድደዋል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከመካከላችን ለየልጁ ኮምፒዩተር ያለው ስንቱ ነው? ያለውስ ቢሆን መብራት በጠፋበት ምሽት ምን ይዞ ይቀመጣል? የዛሬዎቹ መማሪያዎች አብዛኞቹ ማሽኑ ከተማሪው ፊት ተቀምጧል ብለው ይጀምራሉ። ይህኛው ግን ማሽን ለሌለው ሰው የተጻፈ ያህል ነው። ልጄ “የሞተ” ያለው መጽሐፍ ለቤታችን ሁኔታ ከአዲሶቹ ይልቅ መቅረቡ አስገርሞኛል።

አንድ ምሳሌ ከራሳችን ጉዳይ ላንሳ፤ ምሳሌው የእኔ ነው፣ ደንቡ ግን የመጽሐፉ። አንድ ነጋዴ ዓመት የዞረበት 4,000,000 ብር ቢኖረው ዘካው ከአርባ አንዱ፣ ማለትም 100,000 ብር ነው። አሁን ይህን ለፎርትራን በሙሉ ቁጥር “1ን ለ40 አካፍለህ በገንዘቡ አባዛ” ብላችሁ ጻፉለት። ማሽኑ ሙሉ ቁጥርን በሙሉ ቁጥር ሲያካፍል ትርፍራፊውን ስለሚጥል፣ 1 ለ40 ሲካፈል ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ በአራት ሚሊዮን ቢባዛም ያው ዜሮ ነው። ማሽኑ ሳያፍር “ምንም ዘካ የለብህም” ይላችኋል! ተሳስተሃል ብሎም አይጮህም። መጀመሪያ ገንዘቡን በ1 አባዝታችሁ ኋላ ለ40 ብታካፍሉት፣ ወይም ቁጥሮቹን በነጥብ ብትጽፏቸው ግን ትክክለኛው 100,000 ይወጣል። በእጅ አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ይህን ስህተት በምን ያውቀዋል?

ጉድለቱን ደግሞ ልደብቅ አልችልም። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ የመሐንዲስ ናቸው፤ ባለሱቅ ቢያነብ ራሱን አያገኝበትም። በካርዱ ዓምድ ላይ ስለሚያርፈው ፊደልና ቁጥር የሚዘረዝረው ክፍል ካርዱ ራሱ ስለጠፋ ዛሬ አሰልቺ ነው። ከዚህ የሚከፋው፣ ፕሮግራሙን ከወዲያ ወዲህ በ“ሂድ ወደ” ትእዛዝ የሚያዘልለው ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1968 በጽኑ ነቅፈውታል፣ ትክክልም ነበሩ። ፎርትራን በአየር ትንበያ ዘርፍ ዛሬም የሚሠራበት ቋንቋ ቢሆንም መልኩ እጅግ ተለውጧል። ልጁን ለሥራ የሚያዘጋጅ ወላጅ በዚህ መጽሐፍ ብቻ እንዲመካ አልመክርም።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ሥርዓት ያለው የስሌት አካሄድ “አልጎሪዝም” የተባለው በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ በነበሩት በአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። እሳቸው የአልጀብራ መጽሐፋቸውን ሲጽፉ ሰፊ ክፍል የመደቡት ለውርስ ክፍፍል ነበር፤ ስሌቱ የማን ድርሻ ላይ እንደሚያርፍ ከፊት ለፊት ይታይ ነበር ማለት ነው። በማክራከን መመሪያ ውስጥ ግን ቁጥር አለ፣ ባለድርሻ የለም። ሰውየው ግድ የለሽ ስለነበሩ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 አገራቸው ልትገነባው ያሰበችውን የፀረ ሚሳይል ሥርዓት በመቃወም የኮምፒዩተር ባለሙያዎችን አስተባብረዋል። ያ አሳቢነት በመመሪያው ገጾች ላይ ቢታይ ምንኛ ደስ ባለኝ!

መጽሐፉን አሁን ትንሿ ልጄ ይዛዋለች። የቀድሞው ባለቤት አንዱን መልመጃ በእርሳስ ሠርቶ ነበር፤ መልሱ የተሳሳተ መሆኑን ከሦስት ምሽት በኋላ ደረሰችበት። አልደመሰሰችውም፤ ከጎኑ የራሷን ጻፈች። ቁራሌው መጥቶ የቀረውን ወረቀት መዝኖ ወስዷል።